የዓመት ጨረራችሁን ራሳችሁ አስሉት

ጨረር ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ ትዝ ሚለው ቼርኖቤል ነው፣ ካልሆነም ሰፈር ውስጥ የተተከለው የሞባይል አንቴና። ግን ይሄን እያነበባችሁ እንኳን ከሰማይ፣ ከመሬት፣ ከምትተነፍሱት አየር፣ ከገዛ ሰውነታችሁ ሳይቀር ጨረር እያገኛችሁ ነው፣ ስለዚ መጠየቅ ያለበት ስንት ነው ሚለው ነው። እሱን ደግሞ ማሽን ምናምን ሳያስፈልግ በወረቀትና በእስክሪብቶ በግምት ማውጣት ይቻላል።

መጀመሪያ ማይቆጠሩትን እናውጣ። ሂሳብ ውስጥ ሚገባው ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን መንቀል ሚችለው ጨረር ብቻ ነው፣ ዲኤንኤን በዚ መንገድ ሚጎዳው እሱ ስለሆነ። የሞባይል፣ የዋይፋይ፣ የማይክሮዌቭና የአንቴና ሞገድ ያን አቅም የለውም። ኤምአርአይ ማግኔትና ሬድዮ ሞገድ ነው፣ አልትራሳውንድ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ ነው፣ ነፍሰጡሮች "ጨረሩ ልጄን" እያሉ ሲጨነቁ ስሰማ ያሳዝነኛል። በብዛት ሚቀሩን አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማና ራጅ ናቸው። አልፋን ወረቀት ያቆመዋል፣ ለቤታ ጥቂት ሚሊሜትር አሉሚኒየም ይበቃል፣ ጋማና ራጅ ግን ሊድ (እርሳስ ሚባለው ከባድ ብረት) ወይ ወፍራም ኮንክሪት ይፈልጋሉ።

መለኪያ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ያዙ። ቤኬሬል በሰከንድ ስንት አቶም ጨረር እየለቀቀ ፈረሰ ሚለውን ይቆጥራል፣ ሲቨርት ደግሞ ያ ነገር ሰውነት ላይ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ነው ሚገምተው። አንድ ሲቨርት በጣም ትልቅ ስለሆነ በሚሊሲቨርት ነው ምናሰላው፣ አንድ ሺ ሚሊሲቨርት አንድ ሲቨርት ነው፣ አንድ ሺ ማይክሮሲቨርት ደግሞ አንድ ሚሊሲቨርት።

አሁን ጻፉ። አንደኛ ከሰማይ ሚመጣው፣ ኮስሚክ ጨረር ሚባለው። አየሩ ስለሚከልለን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፣ ባህር ጠለል ላይ በዓመት 0.3 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፣ ናይሮቢ ወደ 0.6፣ ሜክሲኮ ሲቲ ወደ 0.8። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከሜክሲኮ ሲቲ ትንሽ ስለሚበልጥ 0.8 ብትጽፉ ከእውነቱ ብዙ አትርቁም፣ ጅቡቲ ወይ ዱባይ ያለ ሰው ግን 0.3 ይጻፍ። ሁለተኛ ከመሬትና ከግድግዳ፣ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ድንጋይና አፈር ውስጥ ስላሉ፣ የዓለም አማካይ 0.5። ሶስተኛ ከምግብና ከውሃ 0.3። ፖታሲየም ያለበት ምግብ ሁሉ ትንሽ ፖታሲየም 40 (ጨረር አመንጪው የፖታሲየም ዓይነት) አለው፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ እና አንድ አዋቂ ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ ወደ 4,000 የሚጠጉ የፖታሲየም 40 አቶሞች ይፈርሳሉ። ሙዝ መብላት ግን አታቁሙ፣ ሰውነት ትርፉን ፖታሲየም በሽንት ስለሚያስወጣው እየተጠራቀመ አይሄድም።

አራተኛው ሬዶን ነው፣ ትልቁም እሱ ነው፣ ግን ማንም አያወራለትም። መሬት ውስጥ ያለው ዩራኒየም እየፈረሰ ሄዶ ሬዶን ሚባል ጋዝ ይሆናል፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ በወለል ስንጥቅ ገብቶ ምድር ቤትና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ቅድም አልፋን ወረቀት ያቆመዋል ያልኩት ከውጭ ሲመጣ ነው፣ በትንፋሽ ሳንባ ውስጥ ከገባ ግን መሀሉ ላይ ሚቆም ነገር የለም፣ ምድጃ ራቅ ብሎ በመሞቅና ፍሙን ኪስ ውስጥ በመክተት መሀል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ለሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ቀጥሎ ሚጠቀሰው ሬዶን ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል፣ ትምባሆ ራሱ ላይ ፖሎኒየም ሚባል አልፋ አመንጪ ንጥረ ነገር አለበት። አማካዩ በዓመት ወደ 1.2 ነው ግን ከቤት ቤት በጣም ይለያያል። መስኮት ክፈቱ፣ የወለል ስንጥቅ ድፈኑ፣ ምድር ቤት ምትተኙ ከሆነ በተለይ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ቤዝመንት ውስጥ ምትኖሩ ደግሞ መለኪያው በርካሽ ይሸጣል፣ ግዙና አስቀምጡት።

ደምሩት፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው 2.8 አካባቢ ይመጣል። የዓለም አማካይ 2.4 ስለሆነ ምንም ሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

ከዚ በኋላ ሰው ሰራሹን ጨምሩ። በረራ (እሱ እንኳን የሰማዩ ነው፣ እኛ ነን ወደሱ ምንወጣው) በሰዓት ከ3 እስከ 5 ማይክሮሲቨርት ያዙለት፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ 0.1 ሚሊሲቨርት ቢሆን ነው። የደረት ራጅም 0.1 ወይ ከዛ በታች፣ የጥርስ ራጅ ከዛም በጣም ያነሰ። ሲቲ ስካን ግን ሌላ ነገር ነው፣ የጭንቅላት 2፣ የሆድ 8 አካባቢ፣ ማለትም አንድ የሆድ ሲቲ ወደ ሶስት ዓመት ሚጠጋ የተፈጥሮ ጨረር በደቂቃዎች ውስጥ። ሀኪም አስፈላጊ ነው ካለ ተነሱ፣ ያልታወቀ በሽታ ከ8 ሚሊሲቨርት ይብሳል፣ ነገር ግን ሆስፒታል በቀየራችሁ ቁጥር እንደ አዲስ እንዳትነሱ ሲዲውን ከነሪፖርቱ ተቀብላችሁ ቤት አስቀምጡ።

ራጅ ክፍል ውስጥ ባለሙያው "ትንፋሽ ያዝ" ብሎ ግድግዳ ጀርባ ሲደበቅ ሰው ይጠረጥራል፣ ይሄ ነገር ጥሩ ቢሆን ለምን ይሸሻል ብሎ። እናንተ አንዴ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ነው ሚውለው፣ ለዛ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ያኔውኑ ያልቃል፣ ልብስ ላይ ሚቀር ነገር የለም። ቃሊቲ ባለው የዝንብ ማራቢያ ማዕከልም ከብት ላይ የገንዲ በሽታ ሚያስተላልፈውን ዝንብ ወንዱን በጋማ ጨረር እያመከኑ ለቀዋል፣ ዝንቡ ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም። ለየት ሚለው ለታይሮይድ ህክምና ጨረር አመንጪ አዮዲን 131 የወሰደ ሰው ነው፣ መድሃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ስላለ ለተወሰኑ ቀናት ከህጻናትና ከነፍሰጡሮች ራቅ በል ይባላል፣ ግማሹ በ8 ቀን ይፈርሳል።

ለህዝብ የተቀመጠው ገደብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው ሲባል ደግሞ ከተፈጥሮና ከህክምናው ውጪ ያለውን ነው፣ 2.8 ስታገኙ ገደብ አለፍኩ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

አንድ ነገር ግን በሂሳብ አይገኝም፣ ባለቤት ያጣ የጨረር ምንጭ። በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ጭንቅላት ፈተው ወሰዱና ለብረታ ብረት ገዢ ሸጡት፣ እንደ ቁራሌው በሉት። ውስጡ ሲዚየም 137 ሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ነበር፣ ማታ ሰማያዊ ሚያበራ ዱቄት፣ ገዢው ስላማረው ለዘመድ አዝማድ አከፋፈለው፣ አራት ሰው ሞተ፣ አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ናት፣ 249 ሰው ላይ ብክለት ተገኘ። ስለዚ ቁራሌ ጋር፣ ጋራዥ፣ የድሮ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ከመጠኑ በላይ ሚከብድ የብረት እቃ ካያችሁ፣ በተለይ ቢጫ ላይ ባለሶስት ክንፍ ምልክት ካለበት፣ አትክፈቱት፣ አታንሱት። ራቁ፣ እርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሚደርሳችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰው እንዳይጠጋ አድርጉና ለፖሊስ ደውሉ፣ ከነካችሁት ደግሞ ምንም ሳትበሉና ሳታጨሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ እሰሩት፣ ባለሙያ እስኪመጣም እዛው አካባቢ ጠብቁ።