የድሮ ስኩል ባስ የማስጠንቀቂያ መብራት እንዴት ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ ስኩል ባስ መንዳት ስጀምር የሰለጠንኩት አዲስ መኪና ላይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የእኔ ባስ ጋራዥ ገባና ግቢው ጥግ ላይ የቆመ አሮጌ መጠባበቂያ ተሰጠኝ። በሩ የሚከፈተው በቀኝ እጅ በሚሳብ ረጅም ብረት ነው። የዳሽቦርዱ ቁልፎች ጽሑፋቸው በጣት ተፍቆ አልቋል። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ የቢጫውን ማስጠንቀቂያ መብራት ቁልፍ የተጫንኩ መስሎኝ ማራገቢያውን ከፈትኩት።

በኋላ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ የድሮ ባስ ላይ ቀዩን መብራት የሚያበራው በሩ ነው። የእናንተ ጣት ቢጫውን ብቻ ነው የሚያዘው። ይህችን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ቁልፎቹን እወቋቸው

ባሱ ከፊት ግንባሩ ላይ አራት፣ ከኋላ አራት፣ በድምሩ 8 መብራት አለው። ዳር ዳሩን ያሉት ቀይ፣ ወደ መሀል ጠጋ ያሉት ቢጫ ናቸው። ቢጫው "ልቆም ነው" ይላል፣ ቀዩ "ቁም" ይላል። (4 ቀይ ብቻ ያለው ያረጀ ባስም አለ።) በሾፌሩ በኩል ከጎን የምትዘረጋዋ ስምንት ማዕዘን ምልክት ስቶፕ አርም ትባላለች። የፌዴራል ደንቡ አዲስ በሚሠሩ ባሶች ላይ ግዴታ ያደረጋት ከሴፕቴምበር 1992 ጀምሮ ነው።

አሁን ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ፈልጉ። አንደኛ፣ ማስተር ስዊች። ይሄ ካልበራ ሌላው ሁሉ ሞቷል። ሁለተኛ፣ ቢጫውን የሚያስነሳ ተጭነው የሚለቁት ቁልፍ። ከእነዚህ ጎን አንድ ቢጫና አንድ ቀይ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ውጭ የትኛው እየሠራ እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። አንዳንዱ ባስ ላይ ደግሞ የጀመራችሁትን የሚሰርዝ ወይም በሩ ተዘግቶም ቀዩን የሚያበራ ተጨማሪ ቁልፍ አለ። ጽሑፉ ከጠፋ አትገምቱ። ግቢ ውስጥ አንድ በአንድ ሞክሩና ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት።

ጠዋት፣ ከግቢ ሳትወጡ

ሞተሩን አስነሱ፤ የደከመ ባትሪ መብራቱን ያፈዝዘዋል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማስተሩን አብሩ፣ ቢጫውን ተጫኑ።

እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ችግር አለ። ቢጫው መሥራቱን ለማየት መውረድ አለባችሁ። ለመውረድ በሩን መክፈት አለባችሁ። በሩን ስትከፍቱ ግን ቢጫው ይጠፋና ቀዩ ይበራል! ብቻችሁን ሆናችሁ ቢጫውን ከውጭ ማየት አትችሉም። አንዳንድ አዲስ ባስ ለዚህ የራሱ መፈተሻ አለው፣ አሮጌው የለውም። መፍትሔው ጎረቤት ነው። አጠገባችሁ ያለውን ሾፌር "እስቲ ቢጫዬን እይልኝ" በሉት፣ እናንተም የእሱን እዩለት። ማንም ከሌለ ገና ሳይነጋ ፊትና ኋላ ግድግዳ ወይም ሌላ ባስ ላይ የሚያርፈውን ብልጭታ ፈልጉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ብቻ አትመኑ። ብዙ ጊዜ እሷ እየበራች ኋላ ያለው አምፖል ተቃጥሎ ይገኛል።

ቀዩ ቀላል ነው። በሩን ክፈቱና ወርዳችሁ ባሱን ዙሩ። ግራና ቀኙ እየተፈራረቀ ብልጭ ማለት አለበት፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ስቶፕ አርሟ እስከ መጨረሻው መዘርጋቷንም እዩ። ተመልሳችሁ በሩን ስትዘጉ ሁሉም መጥፋት አለበት።

አንድ ፈተና ይቀራል፣ እሱን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማስተሩ እንደበራ፣ ቢጫውን ሳትነኩ በሩን ክፈቱ። ቀዩ በራ? እንግዲያው ይሄ ባስ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀዩን ያበራል። ካልበራ ደግሞ በየፌርማታው ቢጫው ቀድሞ ካልተነካ ቀዩ አይመጣም ማለት ነው። ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ከውጭ ግን አይለዩም።

ፌርማታ ላይ

የሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) መማሪያው ቢጫውን ቢያንስ 200 ጫማ (60 ሜትር ገደማ) ሲቀር፣ ወይም ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቀደም ብሎ አብሩ ይላል። የግዛታችሁ ሕግ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ያዙ። በጣም አታስቀድሙት፤ ቢጫ ያየ ችኩል ሾፌር ቀዩ ሳይመጣ ላምልጥ ብሎ ጋዝ ይረግጣል።

ስፖኪዮ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። የፊት መከላከያው ከልጆቹ ቢያንስ 10 ጫማ፣ 3 ሜትር ያህል ይራቅ። ማርሹን ፓርክ፣ ፓርክ ከሌለው ዜሮ አድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ያዙ።

አሁን እጃችሁ የበሩ ብረት ላይ ነው። ባንድ ጊዜ አትሳቡት! ልጆች የሚያዩት መብራት ሳይሆን በር ነው፤ በሩ ቧ ሲል መሮጥ ይጀምራሉ። በሩን ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ገርበብ አድርጉት። ስልቱ ያለው እዚህ ነው፤ በሩ አጠገብ የተደበቀች ትንሽ ስዊች አለች፣ በሩ ሲላቀቅ ቢጫውን አጥፍታ ቀዩን ታበራለች። አንዱ ባስ ወዲያው ይቀይራል፣ ሌላው በሩ ግማሽ እስኪደርስ ይለግማል። የየባሱን ጠባይ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልመዱት። ቀይዋ ዳሽቦርድ ላይ ስትበራ በግራ ስፖኪዮ ስቶፕ አርሟን እዩ፣ መኪናዎቹ ከፊትም ከኋላም መቆማቸውን እዩ። ከዚያ በሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ።

መንገድ የሚሻገር ልጅ ካለ ከመከላከያው 10 ጫማ ወደፊት ወጥቶ፣ እናንተን እያየ፣ ምልክታችሁን ይጠብቅ። ሲጨርሱ ቁጠሩ፣ በሩን ዝጉ። ቀዩ ይጠፋል፣ ስቶፕ አርሟ ትታጠፋለች። በአየር የምትሠራው አየር ካነሳት ግማሽ መንገድ ላይ ልትቀር ትችላለች፣ ስለዚህ ሳትነሱ አንዴ ወደ ስፖኪዮው።

በሩን ዘግታችሁ "ቆይ! ቆይ!" እያለ የሚሮጥ ልጅ ሁሌም አለ። ቢጫ የሚጠብቅ ባስ ከሆነ በሩን ዝም ብላችሁ ብትከፍቱለት ቀይ የለም፤ ልጁ ያለ ጥበቃ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ቢጫውን ተጫኑ፣ ከዚያ በሩን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀይ የሚያበራው ባስ ላይ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንደ አዲስ አበባ ሚኒባስ መኪናው ሳይቆም በር መክፈት የለመደ ሰው መንገዱን ሁሉ ያስቆመዋል።

ቢጫውን አብርታችሁ ፌርማታው ባዶ ከሆነ መሰረዣውን ተጠቀሙ። መሰረዣ ከሌለ ማስተሩን አጥፍታችሁ መልሱት።

ካልሠራ

ቢጫው ሠርቶ ቀዩ እንቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የበሩ ስዊች ነው፤ ይቆሽሻል፣ ከቦታው ይንሸራተታል። ሁሉም ከጠፋ ማስተሩንና ፊውዙን እዩ። ግን ሽቦ አትነካኩ። የፍተሻ ወረቀቱ ላይ ጻፉና ለመካኒክ ስጡ። ቀይ በሌለው ባስ ልጅ አይጫንም።

የባቡር ሐዲድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከሐዲዱ ከ15 እስከ 50 ጫማ ርቀት ላይ ትቆማላችሁ፣ ባቡር ለመስማት መስኮትና በር ትከፍታላችሁ። ማስተሩ ከበራና ባሱ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀይ የሚያበራ ከሆነ፣ ሐዲድ አፋፍ ላይ ስቶፕ አርም ተዘርግቶ ከኋላና ከፊት ያለው መኪና ሁሉ ይደነግጣል። እዚያ የሚበራው አራቱም ፍሬቻ ነው። ስለዚህ ከመቆማችሁ በፊት ማስተሩን አጥፉ።

ከተሻገራችሁ በኋላ መልሳችሁ አብሩት። እኔ ሁለቴ ረስቼ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ቢጫውን ብጫነው ብጫነው ዝም ብሎኛል። አሁን ማስተሩ ጎን "ሐዲድ!" የሚል ፕላስተር አለ። መካኒኩ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆኛል፤ ነገርኩትና አልነቀለውም።