ለሞዴል ባቡር ተራራ፣ ሜዳና ሕንፃ እንዴት ይሠራል?

በሞዴል ባቡር ጠረጴዛ ላይ ተራራ ማቆም ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ባቡሩ ተራራውን ሳይነካ እንዲያልፍ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ጀሶና ኮላ ከመውጣቱ በፊት ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ሽቦው ተበይዶ፣ ባቡሩ በሁሉም መስመር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ተሞክሮ ያለቀ መሆን አለበት። የላላ ሽቦ ከጀሶ ሥር ከተቀበረ በኋላ መጠገን ማለት ተራራውን ማፍረስ ነው።

ቀጥሎ የባቡሩን ማለፊያ ይለኩ። ካሉት ፉርጎዎች ረጅሙን ይምረጡና ከጎኑ መሃልና ከጫፎቹ ላይ እርሳስ በፕላስተር ያያይዙ፤ ከዚያ በየኩርባው በእጅ ይግፉት። በኩርባ ላይ የፉርጎው ወገብ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ እርሳሱም ይህን ጠረጴዛው ላይ ይስለዋል። ከዚያ መስመር ወደ ሐዲዱ በኩል ዐለትም ግድግዳም አይግባ፤ እንዲያውም ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ይበል። ዋሻ ካለ ከኋላ ወይም ከላይ እጅ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይተዉ። ፉርጎ ከሐዲድ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ዓይን በማያይበት ቦታ ነው።

ልኬትንም ከአሁኑ መያዝ ይበጃል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤችኦ የሚባለው ልክ 1 ለ87 (እውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ ማለት ነው) ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 16.5 ሚሊሜትር አለ። በዚህ ልክ የ2.1 ሜትር በር 24 ሚሊሜትር፣ የ10 ሜትር ዛፍ 11.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ኤን በሚባለው የ1 ለ160 ልክ ያው በር 13 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ለኮረብታው ዕቃ ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ይልቅ ለግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚሠራው ጥቅጥቅ ያለ ፎም ይሻላል። ነጩ ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ይረግፋል፣ ፍርፋሪውም በሰበቃ በሚፈጠር ኤሌክትሪክ እየተሳበ በየቦታው ይለጠፋል። ፎሙን በደረጃ እየደራረቡ ይለጥፉ፣ ከዚያ በረጅም ቢላዋ ቅርጽ ያውጡለት። ማስቲሽና አብዛኛው የሚነፋ ቀለም ፎም ያቀልጣል፤ ለፎም የተሠራ ማጣበቂያ ይፈልጉ። ነጭ ኮላም ይይዛል፣ ነገር ግን በሁለት ሰፊ ፎሞች መካከል አየር ስለማይገባ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል። በጋለ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው መስኮት ይክፈት፤ ጭሱ ይጎዳል።

ጀሶውን ሲያቦኩ ውሃውን አስቀድመው አንድ እጅ ውሃ ላይ ሁለት እጅ ጀሶ እየነሰነሱ ይጨምሩ። በጀሶ ላይ ውሃ ከፈሰሰ ከሥሩ ደረቅ ጓል ይቀራል። የወረቀት ፎጣ ቁራጮችን በጀሶው እየነከሩ በፎሙ ላይ በሁለት ድርብ ያልብሱ። ሲደርቅ ሁሉንም በአፈር ቀለም ይቀቡ፤ ኋላ አንድ ቦታ ቢላጥ ነጩ እንዳይታይ ነው። ለዐለት የተተወውን ቦታ ግን አይቀቡ። እርቃኑን ያለ ጀሶ ቀለም ስለሚመጥ አክሪሊክ ቀለምን በብዙ ውሃ አቅጥነው እዚህም እዚያም ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ያድርጉ፣ መጨረሻ ላይ በጣም የቀጠነ ጥቁር ያልብሱት። ጥቁሩ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ዐለቱ ጥልቀት ያገኛል። አንድ ወፍራም ግራጫ ቀለም ከተቀባ ግን ያው ጀሶ መስሎ ይቀራል።

የሐዲድ ጠጠር ላይ አይቸኩሉ፤ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው። በመጀመሪያ የሐዲዱን ጎን ዝገት በሚመስል ቡናማ ቀብተው አናቱን ቀለሙ ሳይደርቅ ይጥረጉ። ጠጠሩን በወንፊት ይንፉት፤ በኤችኦ ከ0.7 ሚሊሜትር ከበለጠ ቋጥኝ ይመስላል። ከደጅ የመጣ አሸዋና አፈር ከሆነ ማግኔት ያሳልፉበት፤ የብረት ብናኝ ካለ የባቡሩ ሞተር ውስጥ ይገባል። ጠጠሩን አፍስሰው በለስላሳ ብሩሽ ከሐዲዱ ሥር ከተጋደሙት አግዳሚዎች አናት ያውርዱት፣ ከዚያ በአልኮል ያርሱት። ቀጥሎ ነጭ ኮላና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅለው፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ በስሪንጅ በቀስታ ያንጠባጥቡ። ማራሱ ከተዘለለ ኮላው ላዩ ላይ እንደ ዕንቁ ተንከባልሎ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል። መስመር መቀያየሪያው አካባቢ ጠጠሩ ጥቂት፣ ኮላውም ከዚያ ያነሰ ይሁን፤ ተንቀሳቃሹ ምላስ አንዴ ከተጣበቀ ማላቀቅ አድካሚ ነው። ኮላው እስኪደርቅ ምላሱን አልፎ አልፎ ያንቀሳቅሱት።

ለሣር ደግሞ አጫጭር ክሮችን በኤሌክትሪክ ኃይል ቀጥ አድርጎ ኮላ በተቀባ መሬት ላይ የሚተክል መሣሪያ አለ። የመሣሪያውን ሽቦ እርጥቡ ኮላ ላይ ከተሰካ ሚስማር ጋር ያያይዙ፣ ከሐዲዱ ላይ ባቡሮቹን ያንሱ። መጀመሪያ 2 ሚሊሜትር፣ ከዚያ አልፎ አልፎ 4 ሚሊሜትር ክር ይጨምሩ። ከሁለት ሦስት ዓይነት አረንጓዴና ገለባማ ቀለም ቢቀላቀል ይሻላል፤ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ብቻ ምንጣፍ ይመስላል።

ወንዝ ከተፈለገ መሬቱን መሃሉ ጠቆር፣ ዳሩ ፈካ አድርገው ቀብተው ቀዳዳውን ሁሉ ይድፈኑ። ውሃውን የሚተካው ኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክር ሙጫ፣ በመርፌ ቀዳዳ እንኳ ሾልኮ ወለል ላይ ይደርሳል። አምራቹ በጻፈው ልክ ሳይዛነፍ ቀላቅለው በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር ሳያስበልጡ ያፍስሱ፤ ልኬቱ ከተዛባ ሳይጠነክር የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል።

ለሕንፃ የፕላስቲክ ሉህ ወይም ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ማዕዘኖቹን ከውስጥ በአራት ማዕዘን ዘንግ ይደግፉ፣ አለዚያ ግድግዳው ቆይቶ ይጣመማል። የመስኮት መስታወቱን በሱፐር ግሉ አይለጥፉ፤ ትነቱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል። ውስጡ መብራት የሚገባ ከሆነ ግድግዳውን ከውስጥ አስቀድመው ጥቁር ይቀቡ፤ ካልተቀባ ፕላስቲኩ ራሱ ያበራል። ሕንፃውንም መሬት ላይ ብቻ አያስቀምጡት። ለመሠረቱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቆፍረው ያስገቡት፣ በግድግዳው ሥር ዙሪያም የተነፋ አፈርና ጥቂት ሣር ይለጥፉ። መጠገን የሚያስፈልግ መብራት ካለው ግን ጣሪያውን ሳይለጥፉ እንደ ክዳን የሚነሳ አድርገው ይተዉት።