ልጁን የሚያቅለሸልሸው ምንድን ነው? ከሽንት ቤት እንጀምር

ደሴ ውስጥ ሕፃናት ክፍል ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ትናንት የጀመረ ተቅማጥ፣ የተበላሸ ምግብ፣ ትኩሳት፤ እነዚህን እናቶች በደንብ ያውቋቸዋል። የዛሬው ወሬዬ ለሳምንታት እየተመላለሰ ስለሚያስቸግረው ማቅለሽለሽ ነው።

ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቶ "ያቅለሸልሸኛል" የሚል፣ እምብርቱ አካባቢ የሚያመው፣ አንዳንዴ ሙታንታው የሚቆሽሽ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት ነው። እናትየው "ኧረ ሲስተር፣ በየቀኑ ይወጣል" ትለኛለች። ይወጣል፤ ግን አይጨርስም። አንጀቱ በተጠራቀመ ሰገራ ሲሞላ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል። ሙታንታው ላይ የሚታየው ደግሞ በደረቀው ሰገራ ዳር ሾልኮ የወጣ ፈሳሽ ነው። ተቅማጥ መስሏት የተቅማጥ ማስቆሚያ የሰጠች እናት አጋጥማኛለች።

አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ከኮምቦልቻ መጣች። በ3 ወር ውስጥ አንዴ አሜባ፣ አንዴ ጃርዲያ፣ አንዴ ታይፎይድ ተብላ ታክማለች። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሰጠውን ፍላጅል ሁለቴ ጨርሳለች። ፍላጅል ራሱ ያቅለሸልሻል፤ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል! ሆዷን ስዳስስ በግራ በኩል ከታች እንደ ድንች የጠጠረ ነገር አገኘሁ። "ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ትገቢያለሽ?" አልኳት። እናቷን አየት አደረገችና በጆሮዬ "በሩ አይዘጋም" አለችኝ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትይዘው ነበር። ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቃትም።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ የተጠራቀመው ይውጣ። ሐኪም በኪሎው ልክ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ያዝለታል። ከዚያ ለወራት ይቀጥላል። እባካችሁ በሁለተኛው ሳምንት "ዳነ" ብላችሁ አታቋርጡ። የተለጠጠ አንጀት እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ካቋረጣችሁ ከዜሮ ነው የምንጀምረው። ከቁርስና ከእራት በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሽንት ቤት ይቀመጥ። እግሩ ከተንጠለጠለ ዱካ ከሥሩ አድርጉለት። ውሃ፣ ፓፓያ፣ ጎመን፣ ምስር ይብዛለት፤ በብስኩት ሆዱን አትሙሉት። ቆሸሸ ብላችሁ አትቆጡት፤ ያፈረ ልጅ የባሰ ይይዘዋል። የኮምቦልቻዋ ልጅ እናቷ ትምህርት ቤቱን አነጋግራ ለበሩ መቀርቀሪያ ተሠራለት። ከወር በኋላ እንጀራ ጨምሩልኝ ማለት ጀመረች።

ሌሎቹ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ብቻ የሚያስመልሰው፦ የመኪና ጉዞ ነው። መስኮት ይከፈት፣ ርቆ ይመልከት፣ ስልክ አትስጡት።

ሰኞ ጠዋት የሚያቅለሸልሸው፦ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስፈራው በእርጋታ ጠይቁት።

ሆዱ የሚነፋ፣ ሰገራው በጣም የሚከረፋ፦ ጃርዲያ ሊሆን ይችላል። ሰገራው ይመርመር እንጂ በግምት መድኃኒት አይሰጥ።

አታድርጉ

ፕላሲል የሚባለውን የማስመለስ ማስቆሚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አትግዙ። አንገቱ ተጣሞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ የመጣ ልጅ ተቀብያለሁ። የሚሸጡትም ይህን ያውቃሉ፤ ግን ይሸጣሉ።

"እንጥሉ ወርዶ ነው" ብላችሁ አታስቆርጡ። ደም ሊፈስሰው፣ ቴታነስ ሊይዘው ይችላል። ኮሶም ለልጅ አይሰጥም።

ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት

አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ካስመለሰ። ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው የሚያስመልስ ከሆነ። ውሃ እየጠማው፣ ሽንት እያበዛ ከከሳ፤ ይህ ስኳር ሊሆን ይችላል። ከፈዘዘና ሽንቱ ከቆመም አታሳድሩት።