ለእማዬ ብር ከመላካችሁ በፊት

ይህን የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከእማዬ ኮንዶሚኒየም። ሜሪላንድ ስምንት ዓመት ቆይቼ ለአንድ ወር መጥቻለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ብር ስልክ፣ ብሩ እዚህ ደርሶ እንዴት እንደሚወጣ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። እልካለሁ፣ "ደረሰሽ?" ብዬ እደውላለሁ፣ "ደርሶኛል፣ ተባረኪ" ትለኛለች፣ አለቀ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ግን አብሬያት ባንክ ሄድኩ። ታናሽ እህቴ ዱባይ ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእማዬ ብር ልካ ነበር።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከቤት ወጣን። የሰፈሩ ቅርንጫፍ "ሲስተም የለም" አለን። ታክሲ ይዘን ቃሊቲ ድረስ ሄድን። እዚያ ደግሞ ወረፋ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ወንበር የለቀቀላት ልጅ ይባረክ። ወደ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ መስኮቱ ጋ ደረስን። ልጅቷ መታወቂያውን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ተመልሳ መታወቂያውን አየች። "እማማ፣ ስሙ አይገጥምም" አለቻት። የእማዬ ስም ፀሐይ ነው። መታወቂያዋ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በ"ቲ" ይጀምራል፣ እህቴ ግን በ"ኤስ" ጀምራ ጽፋዋለች። በዚያ ላይ የአያትን ስም ትታዋለች። ባዶ እጃችንን ተመለስን። ለማስተካከል እህቴ ወደላከችበት ቢሮ በአካል መሄድ ነበረባት፣ የእረፍት ቀኗ ደግሞ እሁድ ብቻ ነው። ብሩ እስከ እሁድ ቆመ፤ የትንሹ ወንድማችን የትምህርት ቤት ክፍያም ቀኑ አለፈ።

አዲስ አገር የገባችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ከተቀባዩ ጀምሩ። ከመላካችሁ በፊት ቤተሰባችሁ የሚጠቀሙበትን መታወቂያ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ካላቸው በጣም ጥሩ፣ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎበታል። ከዚያ ፊደል በፊደል ገልብጡ። በራሳችሁ ግምት አትጻፉ፣ "እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የምጽፈው" አይሠራም። የፈረንጅ ቅጽ "የመጀመሪያ ስም" እና "የቤተሰብ ስም" ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ የእኛ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ለመካከለኛ ስም የሚሆን ቦታ ካለ የአባትን እዚያ፣ የአያትን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ቦታው ከሌለ ሠራተኛውን ጠይቁ፣ አባትና አያትን አንድ ላይ የሚያስገቡበት መንገድ አላቸው። የራሳችሁን ስምም እንደ ፓስፖርታችሁ ጻፉ። ብሩን የሚወስደው ሰው የላኪውን ሙሉ ስም ይጠየቃል፣ እናታችሁ ደግሞ የምታውቀው የቤት ስማችሁን ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ብሩ በምን ይውጣ የሚለው ነው። በእጅ የሚወጣ ጥሬ ብር ባንክ ደብተር ለሌለው ሰው ይጠቅማል። ለሌላው ግን በቀጥታ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ከተማው ዳር ላለ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ቱሉ ዲምቱም በሉት፣ ኮዬ ፈጬም፣ የካ አባዶም፣ ለገጣፎም፣ አንድ ቀን ባንክ መሄድ ማለት የታክሲ ወጪና የባከነ ቀን ማለት ነው። ሒሳብ ውስጥ ከገባ ግን በስልክ ማየት ይቻላል፣ ጤፉም ዘይቱም በዚያው በስልክ ይከፈላል። የሒሳብ ቁጥሩን በጥንቃቄ ጻፉት። የንግድ ባንክ ከሆነ 13 አሃዝ ነው፣ በ1000 ይጀምራል፤ አንድ ዜሮ ከጎደለ ወይም ከተረፈ አቁሙና እንደገና ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ ትንሽ ላኩ። መድረሱን ካያችሁ በኋላ ትልቁን ትልካላችሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፣ ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ። "ያለ ክፍያ እንልካለን" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ወዲያው አትደሰቱ። ድርጅቱ ትርፉን ከሁለት ቦታ ነው የሚያገኘው፦ አንዱ የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ሌላው ምንዛሪው ውስጥ የተደበቀው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ እጃችሁ ላይ ያለው 200 ዶላር ነው እንበል። አንዱ ቤት ምንም አያስከፍልም፣ ዶላሩን ግን በ140 ብር ይመነዝራል። ሌላው 4 ዶላር ያስከፍላል፣ ምንዛሪው ግን 146 ነው። በመጀመሪያው 28,000 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው 196 ዶላር በ146 ሲባዛ 28,616 ብር። ክፍያ የጠየቀው ቤት 616 ብር አስበለጠ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፣ ምንዛሪው በየቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን ያህል ብሰጣችሁ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል? በዚያው ሰዓት ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁና አወዳድሩ። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያውን ጊዜ ጥሩ ምንዛሪ ይሰጣሉ፤ ተጠቀሙበት፣ ሁለተኛውን ከመላካችሁ በፊት ግን እንደገና አስሉ።

ቀድመው የመጡ ሰዎች "በባንክ አትላኪ፣ ትከስሪያለሽ" ይሏችኋል። ያንን የሚሉት የድሮውን ስለሚያውቁ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ባንክ ዶላሩን የሚመነዝረው በ57 ብር አካባቢ ነበር፣ ጥቁር ገበያው ደግሞ እጥፉን ይሰጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በሳምንታት ውስጥ የባንኮቹ ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። አሁን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል። እና የድሮውን ምክር ይዛችሁ አትሂዱ፣ የዛሬውን ቁጥር እዩ።

ስለ ጥቁር ገበያው አንድ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ እኔም እንደ ሰው፣ 500 ዶላር ለአንድ ሰው በእጁ ሰጠሁ። በማግስቱ የማናውቀው ሰው እማዬ ሒሳብ ውስጥ ብር አስገባ። ደስ አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእማዬ ሒሳብ ታገደ። ብሩን ያስገባው ሰው በሌላ ጉዳይ ይፈለግ ነበር መሰለኝ፣ እማዬ በስተርጅና ስለማታውቀው ሰው ስትጠየቅ ከረመች። ሒሳቡ እስኪለቀቅ ሁለት ወር ፈጀ። እኔ እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ እንጂ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የማሳየው ደረሰኝ አልነበረኝም። ይህ መንገድ በኢትዮጵያ ሕግ ያስጠይቃል። አሜሪካም ያለ ፈቃድ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ መሥራት የፌዴራል ወንጀል ነው።

አሜሪካ ለገባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ፈቃድ ያለው ላኪ ድርጅት ከመክፈላችሁ በፊት ምንዛሪውን፣ ክፍያውንና የሚደርሰውን መጠን በጽሑፍ እንዲያሳያችሁ ሕጉ ያስገድደዋል። ከከፈላችሁ በኋላ ስህተት ካያችሁ፣ ብሩ እስካልወጣ ወይም ሒሳብ ውስጥ እስካልገባ ድረስ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰርዛችሁ ሙሉውን ማስመለስ ትችላላችሁ። ከፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ስትልኩ 1 በመቶ ግብር አለ። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳባችሁ ወይም በዴቢት ካርዳችሁ ስትልኩ ይህ ግብር የለም። ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት አትዘግዩ። በክሬዲት ካርድ ግን አትላኩ፤ ባንኩ ብዙ ጊዜ ጥሬ ብር እንደተበደራችሁ ይቆጥረዋል፣ ክፍያውም ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። የባንክ ለባንክ ስዊፍት ለትልቅ ገንዘብ ነው፤ መሀል ያሉት ባንኮች የየራሳቸውን ይቆርጣሉ፣ 200 ዶላር በዚያ መላክ አያዋጣም። ሰዓቱንም ያዙ። በአሜሪካ በጋ (እዚህ ክረምት ሲሆን) ሜሪላንድ ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ ማታ በ3 ሰዓት ስልክ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፣ እማዬ ስትነሳ መልእክቱ ስልኳ ላይ ይጠብቃታል። የፋሲካና የገና ሰሞን ከሆነ ከሳምንት በፊት ላኩ። የባንኩን ሰልፍ አሁን አይቼዋለሁ።

ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ደሞዛችሁን ኤጀንሲው ወይም ደላላው "እኔ ልላክልሽ" ቢል እሺ አትበሉ። ራሳችሁ፣ በራሳችሁ መታወቂያ፣ ፈቃድ ካለው ኤክስቼንጅ (የምንዛሪና የገንዘብ መላኪያ ቤት) ላኩ። ደረሰኙን እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አንሱት። ስልካችሁ ቢጠፋ እንዳይጠፋ ለአንድ የቤተሰብ ሰው ላኩለት።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ገና እንደገባችሁ አብሯችሁ የሚኖር ሰው "በስምሽ ላኪልኝ፣ የእኔ የመላኪያ ገደብ ሞልቷል" ይላል። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ውለታ የዋለላችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ መተግበሪያው ተዘግቶበታል። "ወረቀቴ ገና ስለሆነ አልችልም" በሉ፣ እውነትም ነው።

እናቶቻችንን ደግሞ አስጠንቅቁ። የምትልኩላቸው የሚስጥር ቁጥር፣ ለምሳሌ የዌስተርን ዩኒየን 10 አሃዝ፣ ከእነሱና ከባንኩ መስኮት ውጭ ለማንም አይነገርም። "ከውጭ ብር መጥቶልዎታል፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ" ብሎ የሚደውል ሌባ ነው፤ ባንክ እንዲያ አይጠይቅም። ለእማዬ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳት። ወረቀት ላይ ጽፌም ቴሌቪዥኑ ጎን ለጠፍኩላት።

እሁድ እህቴ ከኤክስቼንጁ በቪዲዮ ደወለች። የእማዬን ፋይዳ ካሜራው ፊት ያዝኩላት። ፊደል በፊደል ጮክ ብላ አነበበች፣ ሠራተኛው ጻፈ፣ አሁንም አነበበች። የበፊቱን አሰርዛ በዚህኛው ጊዜ ሒሳብ ውስጥ አስገባችው። ሰኞ ጠዋት እማዬ ቡና እየቆላች ስልኳ ጮኸ። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፣ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝና ቡናው ሳያርርባት ወደ ምጣዱ ተመለሰች።