የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ለወጣቶች የአእምሮ ጤና ድጋፍ እንዴት እናሠልጥን

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቹን እስከ ቤተሰብ ጓዳ ድረስ ያስገባ በመሆኑ፣ በባሕር ዳር ቀበሌዎች የወጣቱን ጭንቀት፣ ድብርትና የጫት ሱስ ቀድመው ሊያስተውሉ የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ሥልጠናው ከሕመሞች ትርጓሜ ሳይሆን ከማዳመጥ ልምምድ ይጀምር።

ሁለት ሠልጣኞች ፊት ለፊት ይቀመጡና አንዷ ትምህርት አቋርጦ ጣና ዳር ሲቅም የሚውለውን የ17 ዓመት ልጅ ሆና ትጫወት። ሌላዋ «ለምን ትቅማለህ?» ብላ ስትጀምር ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ «ወንድሜ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ እንዴት ነው?» ስትለው ግን ቀና ይላል። ሠልጣኞቹ ይህን ልዩነት በዓይናቸው እስኪያዩት ድረስ ልምምዱ ይደጋገም።

ከሁሉ የሚከብደው ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ነው። ብዙዎች ጥያቄው ሐሳቡን የሚያመጣ ይመስላቸዋል፤ እንዲያ አይደለም። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» የሚለውን ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ በርኅራኄ መናገር እስኪችሉ ይለማመዱ። ወጣቱ «አዎ» ካለ፣ ብቻውን ሳይተዉት የሚያምነውን ዘመድ ጠርተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያድርሱት። ጠበል የሚጠመቅ ከሆነም ጠበሉን ሳይነቅፉ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት አብሮ እንዲወስድ ቤተሰቡን ያግባቡ።