ለዓመታት የተዘጉ የመሃል ከተማ ሱቆችን ዳግም ሥራ ላይ ማዋል

በመሃል ከተማ አንድ ሱቅ ተዘግቶ ሲከርም ጉዳቱ በባለንብረቱ ብቻ አይቀርም። ወደዚያ ሱቅ ይመጣ የነበረው ደንበኛ ጎረቤት ሱቆችም ጎራ ብሎ ይገዛ ስለነበር፣ እሱ ሲቀር የእነርሱም ገበያ ይቀዘቅዛል፤ መንገዱም ገና ሳይመሽ ጭር ይላል። ይህን ለመለወጥ የሚነሡ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎችና ማዘጋጃ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ግድግዳ በመቀባትና ተከራይ በመፈለግ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ይህ ሱቅ፣ በተለይ ይህኛው፣ ለምን ተዘግቶ ቀረ የሚለው ነው።

ስለዚህ መንገዱን በእግር እየሄዱ፣ ቀንም ማታም፣ እያንዳንዱን ዝግ በር ይመዝግቡ። ስፋቱን፣ የጣሪያውንና የመስታወቱን ሁኔታ፣ የባለንብረቱን ማንነትና የተዘጋበትን ጊዜ ይጻፉ። የመጨረሻውን ከጎረቤት ነጋዴ በተሻለ የሚያውቅ የለም። ምክንያቱ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ አንዱ በወራሾች ክርክር የተያዘ ነው፣ ሌላው ለዛሬ ንግድ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው፣ የሌላው ጥገና ደግሞ የብዙ ዓመት ኪራይ ይበላል።

ከሁሉም ይበልጥ በቅጡ መረዳት የሚገባው ምክንያት ግን ከውጭ አይታይም። የሕንፃ ዋጋ የሚገመተው ከሚያስገባው ኪራይ ተነሥቶ ከሆነ፣ ባለንብረቱ ኪራይ ቀንሶ ለዓመታት የሚጸና ውል ሲፈርም የንብረቱንም ዋጋ አብሮ መቀነሱ ነው፤ ሕንፃው ለብድር ዋስትና ተይዞ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከባንክ ጋር ያነጋግረዋል። በዚህ ስሌት ባዶ ሱቅ ከረከሰ ሱቅ ይሻለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ስግብግብ ብሎ መክሰስ በሩን አያስከፍትም፤ የሚያስከፍተው የኪራይ ዋጋውን የማይነካ ሐሳብ ይዞ መቅረብ ነው።

ለዚህ የአውስትራሊያዋ ኒውካስል ጥሩ ማሳያ ናት። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባትና በ1999 ትልቁ የብረት ፋብሪካዋ የተዘጋባት ይህች ከተማ ዋና መንገዷ በባዶ ሱቆች ተሞልቶ ነበር። በ2008 ማርከስ ዌስትበሪ የተባለ ሰው ሪኒው ኒውካስል የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ሕንፃ አልገዛም፤ በመደበኛ የኪራይ ውል ፈንታ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከባለንብረቶች እየተቀበለ፣ ባዶዎቹን ሱቆች ለእጅ ሥራ ባለሙያዎችና ለጀማሪ ነጋዴዎች ይሰጥ ነበር። ባለንብረቱ ሙሉ ኪራይ የሚከፍል ሰው ሲያገኝ ሱቁን መልሶ ይረከብ ነበር፤ እስከዚያ ግን ንብረቱ ይጠረግ፣ ይጠበቅ፣ ሰውም ያየው ነበር።

እንዲህ ያለ ስምምነት አጭር ይሁን እንጂ ልቅ መሆን የለበትም። የውኃና የመብራት ሒሳብ በማን ስም እንደሚከፈል፣ ኢንሹራንስ ማን እንደሚገባ፣ ግድግዳ መብሳት እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ፣ ሱቁ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። በርክክቡ ዕለት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ማንሣት ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ሁለቱንም ወገን ያድናል።

ቁልፉ እጅ እንደገባ ወዲያው ሸቀጥ አይደርድሩ። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ቤት በሩ ሲከፈት የሚቀበልዎ ሽታ ብዙ ጊዜ ከፍሳሽ ቱቦ የሚወጣ ነው፤ ከእጅ መታጠቢያውና ከወለሉ ማፍሰሻ ሥር ባለው የቱቦ ጉብጠት ውስጥ ተጠራቅሞ ሽታውን ይገድብ የነበረው ውኃ ስለተነነ፣ ሽታው መውጫ አግኝቷል። በየማፍሰሻው ውኃ ማፍሰስ ብቻውን ሊያስቀረው ይችላል። ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቆሞ በከረመ ውኃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፣ በደቃቅ የውኃ ብናኝ መልክ ሲተነፈስም ከባድ የሳንባ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መስመሩ በባለሙያ ምክር፣ ውኃው እንዳይረጭ ተደርጎ፣ በሚገባ ይታጠብ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳይፈትሽ ማብሪያ አይንኩ። እርጥበት ያለበትን ግድግዳ ከመቀባት በፊት የጣሪያውን አሸንዳ መፈተሽ ይገባል፤ አሸንዳው ከተደፈነ ቀለሙ በጥቂት ወራት ይላጣል።

ሱቅ ሲመርጡ በከተማው ሁሉ አንድ አንድ ከመክፈት በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ወይም አራት ሱቆችን በአንድ ሰሞን መክፈት ይሻላል፤ ለአንድ ሱቅ ብሎ የማይመጣ ሰው ለአራቱ ይመጣል። ሰፊው ሱቅ በቀላል መከፋፈያ ለብዙ ትናንሽ ነጋዴዎች ሊዳረስ ይችላል። ተጠቃሚዎቹ በሩን በተወሰነ ሰዓት ለመክፈት ቃል ይግቡ፤ ታድሶም ተቆልፎ የሚውል ሱቅ ለመንገዱ ምንም አይጨምርም። ገበያ ያገኘው ነጋዴ ወደ መደበኛ ኪራይ ሲሸጋገር፣ ኪራዩ ከሽያጩ ጋር በየደረጃው እንዲያድግ መስማማት ይቻላል።

በመግባባት የማይከፈት በርም ይኖራል። እንግሊዝ በ2023 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለአንድ ዓመት ሙሉ፣ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በድምሩ ከ365 ቀናት በላይ ባዶ የቆየን ሱቅ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ለሚጸና ኪራይ በጨረታ ማቅረብ ይችላሉ። የሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በበኩላቸው በ2020 በዓመት ከ182 ቀናት በላይ ባዶ በሚቆዩ ሱቆች ላይ ግብር እንዲጣል ወስነዋል። እንዲህ ያለ ኃይል ያለው ማዘጋጃ ቤት እንኳ የማስገደጃ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሱቁን ለመረከብ የተዘጋጀ ነጋዴ፣ የጥገናውን ግምትና የውሉን ረቂቅ ይዞ ባለንብረቱን በአካል ቢያነጋግር ይበጃል፤ ሦስቱ ተዘጋጅተው ሲቀርቡለት እንቢ ለማለት የሚቀረው ምክንያት ጥቂት ነው።