ኦፕራሲዮን ልትሆኑ ነው? «አለሁልህ» ያላችሁን ሰው ቀን ስጡት

እኔ የሐሞት ጠጠር ያስወጣሁ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ቀን አልጋዬ ዙሪያ መቆሚያ አልነበረም። የእድሩ ሰው፣ የማኅበሩ ሰው፣ ከአዘዞ የመጣ፣ ከዳባት ድረስ የመጣ ዘመድ፣ ሙዙና ብርቱካኑ ተከምሮ፣ እኔ ደግሞ ገና ውሃ እንኳ አልተፈቀደልኝም። በአምስተኛው ቀን ቤቴ ሆኜ ከአልጋ የሚያነሳኝ አጣሁ። ሁሉም በአንድ ቀን መጥቶ አልቋል።

ስለዚህ ቀጠሮ እንደያዛችሁ ሐኪሙን ጠይቁት። ስንት ቀን እተኛለሁ? ዕቃ ማንሳት የምችለው መቼ ነው? ደም ያስፈልጋል? ይህን ሳታውቁ ሰው አትለምኑ። «ትረዳኛለህ?» ስትሉት እምቢ የሚል የለም፣ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅም የለም። «ሐሙስ ማታ የምታድረው አንተ ነህ» በሉት።

አዳሪ አስታማሚ ቢያንስ ሁለት ይሁን። ወንበር ላይ ያደረ ሰው ጠዋት ተነስቶ፣ የታዘዘው መድኃኒት ከጠፋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር መዋል አይችልም። ለሩጫው ሌላ ሰው፣ ቢቻል ወጣት፣ መድቡ። ብሩንም ቀድማችሁ ስጡት፤ «በኋላ እንተሳሰባለን» የሚባለው ነገር ስንት ዘመድ አቀያይሟል። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ እሱም የት እንደተቀመጠ ይወቅ። ለአዳሪው ጋቢ አትርሱ፣ የጎንደርን ሌሊት ታውቁታላችሁ።

ደም ያስፈልጋል ከተባለ ቀድማችሁ አፈላልጉ። ለጋሽ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ፣ ከዚህ በፊት ከሰጠም 3 ወር ያለፈው መሆን አለበት።

አሁን ደግሞ ማንም ደፍሮ የማይናገረው ነገር። ምንም አትቅመሱ ከተባላችሁበት ሰዓት በኋላ ጸበልም ቢሆን ያው መጠጣት ነው። እናት በሌሊት ተነስታ፣ ተስላ፣ በጀሪካን ይዛ ስትመጣ እንዴት እምቢ ይባላል? አይባልም። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ንገሯት። ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ሰመመን ላይ ሳላችሁ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል አስረዷት፣ ካልሆነም ሐኪሙ ራሱ ይንገራት። ጸበሉን ከተከለከላችሁበት ሰዓት በፊት ትጠጡታላችሁ ወይም ትጠመቁበታላችሁ። የጾም ወቅት ከሆነም የንስሐ አባታችሁን አሁኑኑ አነጋግሩ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ እንቁላል ይብላ አይብላ ብሎ መከራከር ለማንም አይበጅም።

ወደ ቤት ስትመለሱ መኪና ያለው ጓደኛ ይፈለግ። ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ስትዘል ስፌቱን አንድ በአንድ ትቆጥሩታላችሁ። ሽንት ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ፖፖ ተዋሱ። ጀሪካኖቹንም አስሞሉ፣ ውሃ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም።

ባለቤቴ ተራዋ ደርሶ ኦፕራሲዮን ስትሆን ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍኩት። አክስቴን «በመጀመሪያው ቀን አትምጪ፣ ያንቺ ቀን ማክሰኞ ነው» ስላት ክፉኛ ተቀየመች፣ ስልኩንም ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ማክሰኞ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ከች አለች። እስከ እሑድም አልሄደች።